የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ለባሕር ዳር፦ ጫጫታውን የሚቀንሰው የትኛው ምርጫ ነው?

የአየር ታክሲ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የድምፅ መጠን ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ 45 ዴሲቤል። «ጸጥ ካለ ክፍል ብዙም አይለይም» ይባላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ናሳ የጆቢ ኩባንያን ባለስድስት ፕሮፔለር የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ለክቶ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ውጤት 45.2 ዴሲቤል ተመዝግቧል። ግን አውሮፕላኑ ያን ጊዜ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፤ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ። ሲነሳና ሲያርፍ 100 ሜትር ላይ ቆሞ ለሚሰማው ሰው የተነገረው ቁጥር ሌላ ነው፦ ከ65 ዴሲቤል በታች። 500 ሜትር ከፍታ ላይ ተሳፍሮ 500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚወርድ ሰው ደግሞ የለም።

ባሕር ዳር ላይ የአየር ታክሲ ገና የለም። ሐሳቡ ግን ያጓጓል። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሐይቁ ላይ ቀጥታ ሲለካ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ግን ሐይቁን መዞር ነው። ዘጌ ከዚህ ይታያል። ደቅ ደሴት ላይ የታመመ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው በጀልባ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ አቅራቢ ወረቀቱን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ለሚቀመጡት ነው፦ ለሆቴልና ለሎጅ ባለቤቶች፣ ለአስጎብኚ ማኅበራት፣ ለከተማው ፕላን ባለሙያዎች፣ «አስተያየት ስጡ» ተብለው ለሚጠሩ ነዋሪዎችም።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ማሽኑን ከመምረጥዎ በፊት ማረፊያውን ይምረጡ። አብዛኛው ጫጫታ የሚቀንሰው እዚያ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። እኩል የሚጮኹ ሁለት ማሽኖች አንድ ላይ ሲሆኑ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ የሚመስለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ሻጭ «የድምፁን ኃይል በግማሽ ቀንሰናል» ካለዎት የሚያወራው ስለ 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮዎ ልዩነቱን ብዙም ልብ አይለውም። ርቀት ሲጨመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀነሳል። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አማራጮቹን የማወዳድረው በአምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሲነሳና ሲያርፍ ምን ያህል ይጮኻል? በጉዞ ላይ ያለው ቁጥር ሁለተኛ ነው። ጎረቤትን የሚያናድደው ማረፊያው ነው።

ሁለተኛ፣ ድምፁ ምን ዓይነት ነው? ናሳ በ2017 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት ሰዎች የትናንሽ ድሮኖችን ድምፅና የመኪና ድምፅ በእኩል መጠን እንዲሰሙ ተደርጎ ነበር። የድሮኑ ይበልጥ አናዳጅ ሆኖ አገኙት። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ዝዝ የሚል ድምፅ ጆሮ ላይ ይቀራል። እዚህ ክልል ደግሞ ከሰማይ ዝዝ የሚል ድምፅ ሲመጣ ሰው ምን እንደሚያስብ ማስረዳት አያስፈልግም። የድምፅ መለኪያ መሣሪያ ይህን አያሳይም። እርስዎ ግን ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት።

ሦስተኛ፣ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ምን ይሆናል? ይህ ማንም ብሮሹር ላይ የማይጽፈው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

«ኤሌክትሪክ ስለሆነ ድምፅ የለውም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ሞተሩ እውነትም ዝምተኛ ነው። የሚጮኸው ፕሮፔለሩ ነው። በተለይ የፕሮፔለሩ ጫፍ። ጫፉ አየሩን ፈጥኖ በቀዘፈ ቁጥር ድምፁ በጣም በፍጥነት ይጨምራል። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው፤ የተለመደ ሄሊኮፕተር ጫፉ ከ200 ሜትር በላይ ይሄዳል። ርዝመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 157 ሜትር ይደርሳል። 2,500 ጊዜ ሲዞር 262 ሜትር። የኤሌክትሪክ ሞተር ጥቅሙ ትልቅ ፕሮፔለርን ቀስ አድርጎ ማዞር መቻሉና ብዙ ፕሮፔለሮችን ማከፋፈል ማስቻሉ ነው። ጸጥታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንምጣ። በ1,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፕሮፔለሩ 9 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መዞር አለበት። በሚያዝያ ቀትር፣ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ አየሩ በ23 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ያን ጊዜ ፕሮፔለሩ 14 በመቶ መፍጠን ይኖርበታል። ለድምፅ የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ቁጥሮች ደግሞ ወደ ባሕር ጠለል አየር ተመልሰው የሚሰሉ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ጣና ዳር የሚሰሙት አንድ አይሆኑም። ይህን ለማካካስ አንዱ መንገድ ጭነት መቀነስ ነው፤ አንድ ተሳፋሪ ቢቀር ፕሮፔለሩ ዘና ይላል። ገቢውም አብሮ ይቀንሳል።

አራተኛ፣ አካባቢው ራሱ ምን ያህል ጸጥ ያለ ነው? 55 ዴሲቤል መናኸሪያው አጠገብ ማንም አይሰማውም። ባጃጁ፣ የረዳቱ ጥሪ፣ የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ይውጠዋል። ዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ግን ያው 55 ዴሲቤል ወፉን ሁሉ ዝም ያሰኛል። ሐይቁም የራሱ ጠባይ አለው። ሣርና ዛፍ ድምፅን ሲመጥጡ የረጋ ውኃ ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ድምፅንም ይዞ ይመጣል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ደግሞ መሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከላይ ያለው ይሞቃል፣ ድምፁም ወደ ታች ይታጠፋል። የጊዮርጊስ ማሕሌት ከሩቅ ሰፈር ጥርት ብሎ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለአውሮፕላንም ያው ነው።

አምስተኛ፣ የሚፈልጉበት ያደርሳል? ጸጥ ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር አይጠቅምም።

ባለብዙ ፕሮፔለር፣ ክንፍ የሌለው

ትልቅ ድሮን ነው ማለት ይቻላል። የቻይናው ኢሃንግ ኢኤች216-ኤስ ምሳሌው ነው። ሁለት ሰው ያለ አብራሪ ይጭናል። በስምንት ክንዶች ላይ ከላይና ከታች የተደራረቡ 16 ፕሮፔለሮች አሉት። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከቻይና ሲቪል አቪዬሽን የዓይነት ማረጋገጫ (ሞዴሉ ለበረራ ብቁ ነው የሚል ምስክር ወረቀት) አግኝቷል።

ከጫጫታ አንጻር ሦስት ችግር አለበት። ፕሮፔለሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ፈጥነው ይዞራሉ፤ ድምፁ ቀጭንና ዝዝ የሚል ይሆናል። የታችኛው ፕሮፔለር የላይኛው ያተራመሰውን አየር ስለሚቀዝፍ ተጨማሪ ድምፅ ይፈጥራል። ክንፍ ስለሌለው ደግሞ ጉዞውን ሁሉ በፕሮፔለር ጉልበት ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ የማረፍ ጫጫታው እስከ መድረሻው ይከተለዋል። አምራቹ የሚናገረው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ነው። ዘጌ ሄዶ ይመለስ ይሆናል። ደቅም ጎርጎራም አይደርስም። በሳሳው አየር ደግሞ 30 የተባለውም አይቆይም።

ቀላልና ትንሽ መሆኑ ግን እውነት ነው። ሰፊ ቦታ አይፈልግም።

ማንሻውና መግፊያው የተለያየ

የአሜሪካው ቤታ ኩባንያ አሊያ ቀጥ ብሎ የሚነሳው ሞዴል እንዲህ ነው። ክንፉ የተሸከማቸው አራት ቋሚ ፕሮፔለሮች ወደ ላይ ያነሱታል፤ ከኋላ ያለው አንድ ፕሮፔለር ወደ ፊት ይገፋዋል። ፍጥነት ሲይዝ ክንፉ ይሸከመዋል፣ ማንሻዎቹም ይቆማሉ። በዚያች ቅጽበት ጫጫታው ጉልህ ሆኖ ይወርዳል።

ሲነሳና ሲያርፍ ግን አራቱ ብቻ ናቸው ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙት። ማንሻዎቹ ለጉዞ ስለማያገለግሉ ዲዛይነሩ ትልቅ ሊያደርጋቸው አይወድም፤ ሲቆሙ አየር ይጎትታሉና። ትንሽ ሲሆኑ ደግሞ ፈጥነው መዞር አለባቸው። ስለዚህ ከዚህ ዓይነት የሚጠበቀው «ማረፊያው ላይ ጎላ፣ መንገድ ላይ ጸጥ» ነው። ማረፊያው ሰው የሌለበት ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ የሚያዘነብል ክፍል የለውም፣ ጥገናውም በዚያው ልክ ይቀልላል።

ፕሮፔለሩን የሚያዘነብል

መግቢያው ላይ የጠቀስኩት ጆቢ ከዚህ ወገን ነው። ስድስቱም ፕሮፔለሮች ሲነሳ ወደ ላይ ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ፊት ያዘነብላሉ። እያንዳንዳቸው አምስት ብሌድ (አየሩን የሚቀዝፍ ቅጠል) አላቸው። ያው ፕሮፔለር ለሁለቱም ሥራ ስለሚያገለግል ትልቅ ማድረግ ያዋጣል። ትልቅ ከሆነ ቀስ ብሎ ይዞራል። ብሌዱ ሲበዛ ደግሞ ሸክሙ ስለሚከፋፈል ጫፉ መፍጠን አያስፈልገውም። ከሁሉም ቀጥ ብለው ከሚነሱት ውስጥ በገለልተኛ አካል የተለካ ጥሩ ቁጥር ያለው ይህ ነው። አብራሪውን ጨምሮ አምስት ሰው ይይዛል፣ አምራቹ እንደሚለው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጎርጎራ ደርሶ ለመመለስ በወረቀት ደረጃ ይበቃል።

ዋጋው የሚከፈለው በውስብስብነት ነው። የሚያዘነብል ክፍል ሁሉ ቁጥጥር ይፈልጋል። ባለሙያውም፣ መለዋወጫውም፣ የሚፈትሸው መሣሪያም ባሕር ዳር ላይ የለም። ለጫጫታ ብቻ ከሆነ ቀጥ ብለው ከሚነሱት አንደኛ ነው። ለኪስ ግን መጨረሻው ላይ ነው የሚሰለፈው።

በቱቦ ውስጥ የተደበቀ ፋን

አጭር ልበል። ፋኑ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ድምፁ ይታፈናል፣ የሚያመልጠውም ቀጭን ስለሆነ አየር ቶሎ ይውጠዋል። ግን ትንሽ ፋን ብዙ ክብደት ለማንሳት ብዙ ኃይል ይበላል። በሳሳ አየር ደግሞ ይብሳል። በዚህ መንገድ የሄደው የጀርመኑ ሊሊየም በ2024 እ.ኤ.አ. የኪሣራ ሂደት ውስጥ ገብቷል። ባለብዙ ፕሮፔለር ይሠራ የነበረው ቮሎኮፕተርም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለው። የድምፅ ጥራት ምንም ያህል ቢሆን መለዋወጫ የሚልክ ኩባንያ ከሌለ ዋጋ የለውም።

ከማኮብኮቢያ የሚነሳ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን

ይህ ማንም በፎቶ የማያሳየው ምርጫ ነው። እንደ ድሮው አውሮፕላን ተንደርድሮ ይነሳል። ብዙም አያጓጓም። ክንፉ ስለሚሸከመው ግን ቀጥ ብሎ ከሚነሳው በጣም ያነሰ ኃይል ይበቃዋል፤ ያነሰ ኃይል ማለት ያነሰ ጫጫታ ነው። በሳሳው አየርም የሚጎዳው ቀለል ብሎ ነው፤ ትንሽ ረዘም አድርጎ ተንደርድሮ ይነሳል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ትልልቅ ጄቶች የሚነሱበት ማኮብኮቢያ አለው፤ ርዝመት አይቸግርም።

ስሎቬኒያ ውስጥ የተሠራው ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲን የዓይነት ማረጋገጫ አግኝቷል፤ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ያገኘ በዓለም የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ነው። አምራቹ የሚሰጠው የድምፅ መጠን 60 ዴሲቤል ነው። ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያለው፤ በአየር ላይ የሚቆየውም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ለአብራሪ ሥልጠና እንጂ ለታክሲ አልተሠራም። ለተሳፋሪ የሚሆነው የቤታ አሊያ ከማኮብኮቢያ የሚነሳው ሞዴል ነው።

ችግሩ ግልጽ ነው፦ ሁለቱም ጫፍ ላይ ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል። ጎንደር ላይ አለ። ዘጌ ላይ የለም፤ ባይኖርም ይሻላል።

ውኃ ላይ የሚያርፍ

ጣና ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። ካናዳ ውስጥ ሃርበር ኤር የተባለው አየር መንገድ በታኅሣሥ 10 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ቢቨር የተባለውን አሮጌ የውኃ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሞለት አብርሯል። ሐይቅ ካለን ማኮብኮቢያ አለን ማለት ነው፤ ምን ጎደለ?

ብዙ ነገር። ተንሳፋፊ እግሮቹ ከባድ ናቸው፣ ውኃም አየርም ይጎትታሉ። ከውኃ ለመላቀቅ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ረጅም ጊዜ ማውጣት አለበት። የቤንዚኑ ቢቨር ሲነሳ ያን ያህል የሚጮኸው የፕሮፔለሩ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ስለሚጠጋ ነው፤ ሞተሩን በኤሌክትሪክ መቀየር ብቻውን ይህን አያጠፋውም፤ ፕሮፔለሩም ተቀይሮ ቀስ ብሎ መዞር አለበት። ያ ጫጫታ ደግሞ የሚወጣው በቀጥታ ውኃው ላይ ነው፤ የሚመጥጠው ነገር የለም።

የጣና የራሱ ጣጣም አለ። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይነሳል። የሐይቁ መጠን በበጋና በክረምት ይለያያል። እምቦጭ ከሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተነስቶ በነፋስ ይንሳፈፋል፤ ተንሳፋፊ እግር ላይ ቢጠመጠም ቀልድ አይደለም። የደንገል ታንኳ ደግሞ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም፣ ቀለሙም ከውኃው ጋር ይመሳሰላል። ከላይ ሆኖ የሚያርፍ አብራሪ ዓሣ አጥማጁን የሚያየው ዘግይቶ ነው። እኔ ብጠየቅ ይህን ምርጫ ለፎቶ ብቻ እተወዋለሁ።

ማረፊያው የት ይሁን?

አሁን ያቺን 6 ዴሲቤል እንመልስ። 100 ሜትር ላይ 65 ዴሲቤል የሚሰማ ማሽን ገዙ እንበል። ድምፁ በነጻ አየር ሲበተን 200 ሜትር ላይ 59 ይሆናል። 400 ሜትር ላይ 53፣ 800 ሜትር ላይ 47፣ 1,600 ሜትር ላይ 41። ማረፊያውን ከቤቶች 200 ሜትር ከነበረበት ወደ 800 ሜትር ቢያርቁት 12 ዴሲቤል አተረፉ። ለጆሮ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት በማሽን ምርጫ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ያውም ከተገኘ።

ብዙ ሰው የሚመኘው ቦታ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው የሐይቅ ዳር ነው። ለቱሪስት ይመቻል። ግን ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሆቴሎቹ፣ የእግር መንገዱ፣ ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ ከ200 ሜትር በታች ነው። ውኃውም ድምፁን ወደ ሌላው ዳር ያደርሰዋል። ክብራን ገብርኤል ከዚያ ሆኖ በዓይን ይታያል፤ ከታየ ድምፅም ይደርሳል።

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የሚል ሐሳብ ይነሳል። ከፍታው ይስባል። ግን ከኮረብታ የሚወጣ ድምፅ የሚከልለው ነገር የለም፤ የዓባይ ጉማሬዎችና የሸለቆው ወፎችም ከሥሩ ናቸው። አልመክርም።

የሚቀረው አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ጎረቤቱም የአውሮፕላን ድምፅ የለመደ ነው። «ታዲያ ባጃጅ ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ከሄድኩ ምኑን የአየር ታክሲ ሆነ?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይባክናል። ከተማው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ከሚሰማው ጫጫታ ጋር ሲመዘን ግን ርካሽ ነው።

ቤቶችን ድምፅ እንዳያስገቡ ማድረግ በአውሮፓ የተለመደ መፍትሔ ነው። እዚህ ብዙም አይሠራም። የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅ አያግድም፣ በሙቀቱም መስኮት ዘግቶ የሚተኛ የለም። ባለመስታወት ሆቴል ካልሆነ በቀር ገንዘብዎን አያባክኑ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ መሙያው። መብራት ሲጠፋ አውሮፕላኑን የሚሞላው የናፍጣ ጀነሬተር ከሆነ አውሮፕላኑ ጸጥ ማለቱ ምን ይጠቅማል? ውሉ ላይ ጀነሬተሩም ይለካ።

መንገድ፣ ሰዓትና ብዛት

እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ስምምነት ነው።

መንገዱ ከደሴቶቹ ይራቅ። ገዳማቱ የሙዚየም ዕቃ አይደሉም፣ ሰው የሚጸልይባቸው ናቸው። ማሕሌት ሌሊቱን ነው የሚቆመው፣ የእሑድ ቅዳሴ ማለዳ ነው፣ በጾም ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ «ሌሊት አይበረርም» ማለት ብቻ አይበቃም። የጾም ወቅት የበረራ ሰሌዳ ለብቻው ሊወጣ ይገባል። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ቀጠና) ነው፤ በክረምታቸው ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬን የተባሉ እግረ ረጃጅም ወፎች የሚውሉበት የፎገራ ረግረግ በምሥራቅ በኩል ነው። እዚያ ዝቅ ብሎ መብረር ለወፉም ለአውሮፕላኑም አደጋ ነው።

ከፍታ ይጨመር። ከ250 ወደ 500 ሜትር መውጣት ብቻውን 6 ዴሲቤል ነው። የበረራ ብዛት ደግሞ በአማካዩ ላይ ይደመራል፤ እጥፍ በረራ 3 ዴሲቤል፣ አሥር እጥፍ 10 ዴሲቤል ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የአውሮፕላን ድምፅ የሙሉ ቀን አማካይ ከ45፣ የሌሊቱ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። አማካይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የአንድ በረራ ቁጥር ከዚህ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። በቀን አራት በረራ የታገሰ ሰፈር አርባውን ላይታገስ ይችላል።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ሲነሳና ሲያርፍ | በጉዞ ላይ | በሳሳ አየር | ከባሕር ዳር የት ያደርሳል | ወጪና ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለብዙ ፕሮፔለር፣ ክንፍ የሌለው | ጎላ ያለ፣ ዝዝ የሚል | አይቀንስም | ክፉኛ ይጎዳል | ዘጌ | ከቀጥታ ተነሺዎች ቀለል ያለ |
| ማንሻና መግፊያ የተለያየ | ጎላ ያለ | ጸጥ ያለ | ይጎዳል | ደቅ፣ ጎርጎራ | መካከለኛ |
| ፕሮፔለር የሚያዘነብል | ከቀጥታ ተነሺዎች የተሻለ | በጣም ጸጥ ያለ | ይጎዳል፣ ግን አቅም አለው | ደቅ፣ ጎርጎራ | ከባድ |
| በቱቦ ውስጥ ፋን | ቀጭን፣ ቶሎ የሚጠፋ | ጸጥ ያለ | ክፉኛ ይጎዳል | በአምራቹ ይወሰናል | ከባድ፣ አቅራቢ ያሰጋል |
| ከማኮብኮቢያ የሚነሳ | ዝቅተኛ | ጸጥ ያለ | ብዙ አይጎዳም | ጎንደር | ቀለል ያለ |
| ውኃ ላይ የሚያርፍ | ጎላ ያለና ረጅም | መካከለኛ | ይጎዳል | ማዕበልና እምቦጭ በፈቀዱት | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ዘጌ አካባቢ ሎጅ ላለው፦ አውሮፕላን አይግዙ። ርቀቱ ከአሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው የሚዘለው። የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ጀልባ ከየትኛውም የአየር ታክሲ ጸጥ ይላል፣ በጣምም ይረክሳል። እንግዳዎ ዘጌ የሚመጣው ጸጥታውን ፈልጎ ነው።

ባሕር ዳርን ከጎንደር ማገናኘት ለሚፈልግ አስጎብኚ ማኅበር፦ ከማኮብኮቢያ የሚነሳው። በቀጥታ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ማረፊያ አለ፣ አዲስ የሚረበሽ ሰፈርም የለም።

በትንሽ በጀት ለሚጀምር፦ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሁለት መቀመጫ ያለው የሥልጠና አውሮፕላን። አብራሪም ያፈራል፣ ከተማውም ድምፁን ቀስ ብሎ ያውቀዋል።

ከደቅና ከሌሎች ደሴቶች ሕመምተኛ ለማመላለስ፦ የሚያዘነብለው ወይም ማንሻና መግፊያው የተለያየው። ምጥ የያዛት እናት ውስጥ ስትሆን ስለ ጫጫታ የሚያጉረመርም ሰው አይኖርም። ይህ ብቸኛው አገልግሎት ነው የሰዓት ገደብ የማያስፈልገው። ግን አንድ ጥንቃቄ፦ ለሕሙማን ተብሎ የተፈቀደ ማረፊያ በኋላ ለቱሪስት እንዳይውል ፈቃዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ለከተማው አስተዳደር፦ ማሽን ከመምረጥ ይልቅ ደንብ ያውጡ። ከመኖሪያ ቤት 800 ሜትር፣ ከገዳማት ከዚያም በላይ፤ በቀን የሚፈቀድ የበረራ ብዛት፤ የጾም ወቅት ሰሌዳ። ደንቡን ያሟላ ማንኛውም ማሽን ይምጣ።

ውል ከመፈረምዎ በፊት

ሻጩን አራት ነገር ይጠይቁት። ሲነሳ 100 ሜትር ላይ የተለካው ስንት ነው? ማን ለካው? በምን ከፍታና ሙቀት? ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ነበር ወይስ ባዶውን?

መልሱ ካላረካዎት የሙከራ በረራ ይጠይቁ። ቀኑ ሞቃት ይሁን፣ ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ጭነቱ ሙሉ። የስልክ አፕ ለዚህ አይታመንም፤ የተረጋገጠ የድምፅ መለኪያ ይከራዩ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ይጋብዙ። መለኪያውን 100፣ 400 እና 800 ሜትር ላይ ያስቀምጡ። ሌላ ዙር ደግሞ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ይድገሙት። ያገኙትን ቁጥር ውሉ ላይ ያስገቡት፤ ቁጥሩ ሲጣስ በረራው የሚቆምበትን አንቀጽ ጨምረው።